ምንይሉን ለቅቄዋለሁ

በዚህ ዓለም ላይ መልእክቴን አበላሽታብኝ የማመሰግናት ሴት ብትኖር ሸጌ ናት። እግዜር ዕድሜ ይስጣት። ባለፈው ሳምንት ታሪኬን ስታነቡ ያቆማችሁት የአባቴ ደጅ ላይ ነበር፤ ሽማግሎቹ ፀሐይ ላይ ቆመው፣ እኔ ከበሩ ጀርባ እንባዬን እየዋጥኩ። ያላነበባችሁም ቅር አይበላችሁ፣ ከመነሻው ቆንጠር አድርጌ እነግራችኋለሁ።

እታገኝ እባላለሁ፤ የሰቆጣው ማር ነጋዴ የአቶ ደጅይጥኑ ልጅ ነኝ። የአባቴ ስም እንዲያው በከንቱ የወጣ አይደለም። ማር የሚሸጥለትም፣ ዕርቅ የሚፈልግም ደጁን ሳይጠና የገባ የለም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ አንድ በሽታ ብቻ አለበት፤ "ምን ይሉናል" የሚሏት በሽታ። ልብስ ሲገዛ ምን ይሉናል፣ ድግስ ሲደግስ ምን ይሉናል። እናቴ የሞተች ጊዜ እንኳ ለቀስተኛው በወጉ ተስተናገደ አልተስተናገደም እያለ ሲሯሯጥ፣ አልቅሶ ሳይወጣለት ቀረ። እኔ ደግሞ ይባስ ብዬ የተማርኩት ስለ ዓሣ ነው። ሰው ሲጠይቀው "ግብርና ነው የተማረችው" ይልና ዓሣ የምትለዋን ቃል ውጦ ያስቀራታል።

ትምህርቴን ስጨርስ የተከዜ ግድብ ውሃ ይዞ ነበር። አበርገሌ ቆላ ወርዳችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ትናንት ማሽላ የነበረበት ቦታ ሐይቅ ተኝቶበታል፤ የሾላው ቁንጮ ብቻ ከውሃው ብቅ ብሎ ወፍ ያርፍበታል። መሥሪያ ቤቴ የመደበኝ እዚያ ነው። ሥራዬ ዓሣ አጥምጄ፣ ለክቼ፣ ክንፉ ሥር ቁጥር ያላት ቢጫ ምልክት ሰክቼ መልሼ መልቀቅ ነበር፤ የት እንደሚሄድና እንዴት እንደሚያድግ ለማወቅ። የምንሠራውም ካያክ በሚሏት ጠባብ የፕላስቲክ ጀልባ ነው፣ ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ተቀምጦ ይቀዝፋታል። አበርገሌዎች ሲያዩዋት ከብት የሚጠጣበትን ነገር መሰለቻቸውና "ገንዳ" አሏት። እኔን ደግሞ "ይዛ ለቃቂ" አሉኝ። አገሩ ሁሉ አንድ ዓሣ ለማግኘት ሲደክም፣ እኔ የያዝኩትን መልሼ ውሃ ውስጥ ስጨምር ቢያዩ ሌላ ምን ይበሉኝ።

ከገንዳዋ ፊት ተቀምጦ እንዲቀዝፍልኝ የተመደበው ምንይሉ ነበር። የአባቱ ማሳ ውሃ ውስጥ የቀረበት፣ ሞፈሩን ሰቅሎ መረብ ያነሳ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ቁጥብ ሰው ነው። መጀመሪያ ቀን "እርስዎ" እያለ አናገረኝ። በዕድሜ ይበልጠኛል እኮ። "እርስዎ አትበለኝ፣ አያትህ አይደለሁም" ስለው አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። አንቺ ለማለት ግን እስከ ፋሲካ ፈጅቶበታል። ያቺ የመጀመሪያዋ "አንቺ" ከአፉ ስትወጣ እንዴት እንዳሞቀችኝ፣ ዛሬም ሳስባት ጉንጬ ይግላል።

እንግዲህ ከጥልቅ የሚወጣ ዓሣ ጣጣ አለው። ቆሮሶ የሚሉት ዓሣ ሆዱ ውስጥ አየር ይይዛል። ከታች በጥድፊያ ስትስቡት ያ አየር ይነፋና ሆዱ ይወጠራል፣ ዓይኑ ይፈጣል። "ሂድ፣ ለቅቄሃለሁ" ብትሉት እንኳ መውረድ አይችልም። ላይ ላይ ተንጋልሎ ሲንሳፈፍ አሞራ ይለቅመዋል። ስለዚህ መልቀቅ ማለት እጅን መክፈት ብቻ አይደለም፣ ወደ መጣበት ማድረስ ነው። እኔ ከትምህርት ቤት ያወቅኩት በክብደት ዝቅ እንደሚደረግ ነበር፤ በምን እንደምናወርደው ግን ጨነቀኝ። የምንይሉ እናት እማማ ወለተ ሐና ሰፋ ያለ ቅርጫት ጎንጉነው ሰጡን። አፉን ወደ ታች ገልብጠን፣ ጠርዙ ላይ ድንጋይ አስረን፣ ዓሣውን ከሥሩ አስገብተን በገመድ ቀስ እያደረግን እናወርደዋለን። ዓሣው ወደ ላይ መንሳፈፍ ስለሚፈልግ ከቅርጫቱ አይወጣም። ወደ ታች በሄደ ቁጥር ውሃው አየሩን መልሶ ይጨምቅለታል። ነፍስ ሲዘራ በራሱ ጊዜ ይወጣና ይሄዳል። ገመዱን ስንስብ ቅርጫቱ ባዶ ከመጣ ተመስገን ነው። እማማ ወለተ ሐና ይሄን ሲሰሙ "በዕድሜዬ ባዶ ቅርጫት ይዞ የሚስቅ ሰው ያየሁት አሁን ነው" አሉ።

አንድ ቀን በሰመጠው ሾላ አጠገብ ክንፉ የተቀደደ ትልቅ ቆሮሶ ያዝን። እጄ ላይ ሆኖ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ የሚናገር ይመስልና ይተወዋል።

"ልክ አንተን ነው የሚመስለው" አልኩት ምንይሉን። "የሚለው አለው፣ ግን አይልም።"

ስሙንም ምንይሉ አልኩት። ይቺ ስም በሁለታችን መካከል የቀረች ቀልድ ናት፤ ሌላ ሰው አያውቃትም፣ ይቺን ያዙልኝ። ዓሣውን አወረድነው፤ ቅርጫቱ ባዶውን መጣ። ምንይሉ ገመዱን እየጠቀለለ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ "እሱስ ሄደ። እኔ ግን ልናገር" አለኝ። ተናገረም። ምን እንዳለኝ ለራሴ ላስቀረው፣ እናንተም ገምቱት።

ከዚያ ሽማግሌ ላከ። አጎቱ አባ ወልደ ጻድቅ ከሁለት ሽማግሎች ጋር ከአበርገሌ ድረስ ወጥተው አባቴ ደጅ ቆሙ። አባቴ ቤት ውስጥ ሆኖ አውቆ ዘገየ። በመጨረሻ በሩን ገርበብ አድርጎ "አስብበታለሁ" አለና ግቡ እንኳ ሳይል መለሳቸው። እኔን ግን ዓይኔን እያየ፣ "የደጅይጥኑ ልጅ ቆላ ወርዳ ዓሣ አስጋሪ አገባች ሲባል ሰቆጣ ምን ይለናል?" አለኝ።

ምንይሉ ከመናኸሪያው ጥግ ጠበቀኝ። አጎቱ የደረሰባቸውን ነግረውታል። ፊቱ ላይ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ፤ ያየሁት ዕፍረት ነበር፣ እሱ ደግሞ ከቁጣ ይከፋል።

"እጠብቃለሁ" አለኝ። "አባትሽን አይደለም፣ አንቺን። ቃል ላኪልኝ። እሺ ካልሽም፣ ተወኝ ካልሽም ላኪ። ዝም አትበይኝ ብቻ።"

ያኔ፣ በ2002 ዓ.ም.፣ ሰቆጣ ሞባይል ገብቷል። ሐይቁ ዳር ግን ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም፤ ቃል የሚሄደው በሰው አፍ ነው። እኔም መናገር የማያስፈልገው ነገር መስሎኝ "እልካለሁ" ብቻ ብዬው ተለያየን። እሺታዬን ከዓይኔ ያነበበው መስሎኝ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ለሥራ ስወርድ ምንይሉ ለዘመድ ተዝካር ፃግብጂ ሄዷል አሉኝ። ከሥራ ባልደረባዬ ከምሳው ጋር ገንዳዋን ይዘን ገባን። ከሰመጠው ሾላ አጠገብ መስመሩ ከበደኝ፤ ስስበው ክንፉ የተቀደደው፣ ቢጫ ምልክቷ ያለችው፣ ምንይሉ። ግን ከምን ያህል ጥልቀት እንደመጣ እንጃ፣ ዓይኑ ፈጦ፣ ሆዱ ተወጥሮ ነበር። ምሳው "ይሄስ አይድንም፣ ለወጥ ይሁን" አለ። እኔ ግን ቅርጫቱ ሥር አስገባሁት። ሳወርደው ምን እንደተሳልኩ አልነግራችሁም። ይሄ ዓሣ ከዳነ እኛም እንድናለን አልኩ እንበል። ገመዱን ስስብ ቅርጫቱ ባዶ ነው። እንዴት እንዳለቀስኩ ምሳው እስከ ዛሬ ያሾፍብኛል።

ማታውኑ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ሰቆጣ ገባሁ። በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያው አጠገብ ሸጌን አየኋት። ሸጌ ከሰቆጣ ዕቃ እየጫነች አበርገሌ ገበያ የምትሸጥ፣ ከምንይሉ እናት ቤት አጠገብ የምታርፍ ነጋዴ ናት። ኢሱዙው ሞተሩን አስነስቷል፣ እሷም ከጭነቱ ላይ ተቀምጣለች። ሮጥኩ።

"ሸጌ፣ እነ ምንይሉ ቤት አድርሽልኝ። ምንይሉን ለቅቄዋለሁ፣ ደህና ወርዷል በያቸው" ብዬ ጮህኩ።

እጇን አወዛወዘችልኝ። ልቤ ሞልቶ፣ አቧራውን እንኳ ሳልሸሸው ቆሜ ሸኘኋት። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

* * *

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ሸጌ መንገድ ላይ አገኘችኝ። ሰላምታዋ ቀዝቀዝ አለብኝ።

"አድርሻለሁ" አለችኝ። "እሱ አልነበረም፣ ለእናቱ ነገርኳቸው። በቋንቋቸው በኽምጣንጋ ነው የነገርኳቸው፣ እንዳይሳሳቱ ብዬ።"

"ምን ብለሽ?"

"እንዳልሽው ነዋ። ምንይሉን ለቅቃዋለች፣ ወርዷል ብላለች አልኳቸው።"

"ደህና የምትለዋስ?"

"እሷንስ ተውኳት። ሰው ለቅቀው ደህና ይባላል እንዴ? አንጀቴን ነው የበላሽኝ እታገኝ፣ አልዋሽሽም። እናትየው ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው አለቀሱ።"

ሸጌ ቀጠለች፤ ምንይሉ ከፃግብጂ ሲመለስ እናቱ በራሳቸው አፍ ነግረውታል። እናት ለልጇ ስትናገር ስሙን ለምን ትጠራለች? "ለቅቃሃለች ልጄ። ወርዷልም ብላለች" አሉት። "ምንይሉን" የሚለው ቃል ቀርቶ "አንተን" ሆነ። ስሙን ቢሰማ ኖሮ ዓሣው ትዝ ይለው ነበር።

"ማክሰኞ ይሄዳል" አለች ሸጌ። "ከመንደሩ ልጆች ከነበእውቀቱ ጋር፣ በጅቡቲ በኩል፣ ዓረብ አገር።"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ባሕር ላይ ስለሚሰምጡት፣ በረሃ ላይ ስለሚቀሩት የአገሬ ልጆች የሰማሁት ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝ። ቤት ገብቼ አባቴ እግር ሥር ተቀመጥኩ።

"አባባ፣ ነገ አበርገሌ እወርዳለሁ። ቢቆጡም እወርዳለሁ። በኔ ቃል ሰው ሊጠፋ ነው።"

ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

"ብቻሽን? የደጅይጥኑ ልጅ ወንድ ፍለጋ ብቻዋን ቆላ ወረደች ሲባል ምን ይሉናል? አብሬሽ እሄዳለሁ። ልጁን በወጉ ተሰናብተሽ አብረን እንመለሳለን።"

ሰኞ ጠዋት ኢሱዙው ጋቢና ውስጥ፣ በእኔና በሾፌሩ መሃል፣ ካፖርቱን ለብሶ፣ አንድ ቆርቆሮ ነጭ ማር አቅፎ ተቀመጠ። "ባዶ እጁን ሰው ቤት ገባ ሲባል ምን ይሉኛል" አለ። መንገዱ እያንገጫገጨን ስንወርድ፣ ሙቀቱ ሲጨምር፣ እኔ በልቤ ማርያምን እለምናለሁ፣ እሱ ማሩን ይጠብቃል። ያቺ ይሉኝታ ዕድሜ ልኬን ስታስረኝ ኖራ ያን ቀን ግን አባቴን ጎትታ ቆላ አወረደችልኝ። እሷንም ላመስግናት መሰለኝ።

* * *

ስንደርስ እማማ ወለተ ሐና ከመንገዱ ዳር እንጨት ተሸክመው ሲያልፉ አገኘናቸው። ዓይናቸው እኔ ላይ አላረፈም። አባቴን ሲያዩ ግን ሸክማቸውን አውርደው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ። የተጣሉትም ሰው እንግዳ ከሆነ እንግዳ ነው።

"ምንይሉስ?" አልኳቸው።

ፊታቸውን ወደ ውሃው አዞሩ።

ገንዳዋ ዳር ላይ ተደፍታለች። ገለበጥኳት፣ ቅርጫቱን ወረወርኩባት፣ ገባሁ። ከፊቴ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ለወትሮው ያን ሰፊ ጀርባ እያየሁ ነበር የምቀዝፈው፤ ያን ቀን ውሃው ሁሉ ገላጣ ሆነብኝ። ራቅ ብሎ ምንይሉ የዓሣ አስጋሪዎቹ ማኅበር የእንጨት ጀልባ ላይ ቆሞ መረቡን ያነሳል። ለአክስቱ ልጅ ሊያስረክብ ነው።

ስጠጋው ቀና አለ። ያ ዓይን ከሩቅ ሲያየኝ ይስቅ ነበር።

"እንደምን ዋሉ" አለኝ።

ዋሉ። አንድ ዓመት ሙሉ የገነባነውን በአንድ ቃል አፍርሶ እርስዎ አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"ምንይሉ፣ ስማኝ።"

"ሰምቻለሁ። ቃልዎ ደርሶኛል። እግዜር ይስጥልኝ፣ ዝም እንዳይሉኝ የለመንኩ እኔው ነኝ።"

"ቃሉ እንዲያ አልነበረም።"

"ተዉት በቃ። ይሄን ሁሉ መንገድ ለምን ደከሙ?"

መረቡን ይስባል፣ እኔን ላለማየት ዓይኑን ከውሃው አይነቅልም። ከመረቡ ጫፍ አንድ ቆሮሶ መጣ። ከጥልቅ ነው የወጣው፣ ሆዱ ተወጥሯል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለገበያ የሚውል ዓሣ ነው። ምንይሉ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ከመረቡ ቀስ አድርጎ ፈታና በሁለት እጁ በውሃው ላይ ወደ እኔ ዘረጋልኝ።

"ይልቀቁት" አለኝ። "መልቀቅ ያውቁበታል።"

ይሄ ሰው ንግግር አይችልም ያላችሁ ማናችሁ? አጥንቴ ድረስ ገባ። ዓሣውን ተቀበልኩ፣ ቅርጫቱ ሥር አስገባሁት፣ ገመዱን መልቀቅ ጀመርኩ። እሱም በልማዱ ይሁን ሳያስበው፣ እንዳልገለበጥ የገንዳዋን ጠርዝ ያዘልኝ። እጁ ከጉልበቴ አጠገብ ነው። ዓሣ ሲወርድ መቸኮል የለም፤ ከቸኮላችሁ ታች ሳይደርስ ያመልጥና ተመልሶ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ሁለታችንም መሸሻ አልነበረንም።

"የለቀቅኩት ምንይሉን ነው" አልኩት።

"አውቃለሁ አልኩዎት እኮ።"

"አታውቅም። ክንፉ የተቀደደውን ነው። ያን አፉን እየከፈተ የሚተወውን። አንተ ፃግብጂ ሳለህ ከሾላው አጠገብ ያዝኩት፣ ሊሞትብኝ ነበር፣ አወረድኩት፣ ዳነ። ለአንተ ላብስር ብዬ ነው ቃል የላክሁት። ስሙን ካንተና ከኔ ሌላ ሰው እንደማያውቀው እንዴት እንደጠፋኝ እንጃ፣ ደስታ ያጃጅላል።"

ገመዱ እጄ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ዓሣውን?"

"ዓሣውን።"

"ወርዷል ያልሽውስ?"

ያልሽው። እሱ አላስተዋለም፣ እኔ ግን ሰማሁ። ያቺን ቃል ጨብጬ ልይዛት ምንም አልቀረኝ።

"ደህና ወርዷል ነው ያልኩት። በቅርጫቱ፣ ወደ ታች። ሸጌ ደህናን መንገድ ላይ ጣለቻት።"

ግንባሩን በክንዱ ሸፈነ። ድምፁ ሲመጣ ከሩቅ የመጣ ይመስል ነበር።

"መለቀቁንስ እችለው ነበር። ወርዷል መባሉ ነው የገደለኝ። ማሳችን ከሄደ ወዲህ ሰው ሁሉ በልቡ የሚለውን አንቺ በአፍሽ ያልሽው መሰለኝ። አገር ጥዬ ካልጠፋሁ አይወጣልኝም አልኩ።"

"አንተን ማን ይለቅሃል?" አልኩት፣ እንባዬ እየቀደመኝ። "አንተን ከዚህ ውሃ ሥር ቢከቱህ ገመዱን ይዤ አብሬ እወርዳለሁ።"

ሁለታችንም ገመዱን ያዝን። ሳብነው። ቅርጫቱ ውሃ እያንጠባጠበ ባዶውን ወጣ። ምንይሉ ባዶውን ቅርጫት አይቶ መሳቅ ጀመረ፣ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ፣ መልሶ ሳቅ ሆነ፣ ጀልባው ተነቃነቀ። እኔም አብሬው። በዚያ ሰዓት ያየን ሰው ቢኖር ፀሐይ መታቸው ይል ነበር።

ከዚያ ሳቁ ቆመ።

"አባትሽስ?"

"ዳር ላይ ናቸው። አብረውኝ መጡ።"

"ሊወስዱሽ?"

"ሊወስዱኝ።"

ገንዳዬን ከጀልባው ኋላ አስሮ ወደ ዳር ቀዘፈ። ጀርባውን እያየሁ፣ ይሄ ጀርባ ከዓይኔ እንዳይርቅ ስል ለመንኩ።

* * *

የእነምንይሉ ቤት አዲስ ነው። ግድግዳው ቆሟል፣ ጣራውም አለ፣ በር ግን ገና አልተሠራለትም። አሮጌው በር ከአሮጌው ቤት ጋር ውሃ ሥር ቀርቷል።

አባቴ ኋላ እንደነገረኝ፣ እንደ ወጉ ውጭ ቆሞ "ቤቶች" እያለ ግቡ እስኪሉት ይጠብቅ ነበር። እማማ ወለተ ሐና ከውስጥ ወጥተው እጁን ያዙና፣ "ይግቡ ጌታዬ፣ ምን ያቆምዎታል? በእኛ ቤት ደጅ አይጠናም። ደጅም የለን፣ ውሃ ወስዶታል" አሉት። "ሊወቅሱኝ ብለው ቢሆን በመለስኩላቸው" አለኝ አባቴ። "ምንም ሳያስቡ ነው ያሉት። እኔ ወንድማቸውን ፀሐይ ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ።"

እኔና ምንይሉ ስንገባ አባቴ መደብ ላይ ተቀምጧል። ካፖርቱ ወልቋል፣ እግሩ ታጥቧል። ከፊቱ የማሽላ እንጀራና የዓሣ ወጥ አለ። እውነቴን ነው፣ አባቴ ዓሣ እየበላ ነበር። ያቺን ቃል እንኳ አፉ ውስጥ የማያስገባት ሰው፣ እሾሁን አንድ በአንድ እየለቀመ ጥግ ላይ ይደረድራል።

ምንይሉ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። አባቴ ከላይ እስከ ታች አየው።

"ቁጭ በሉ" አለን። "ልጄ፣ አስረጂኝ። እኚህ እመቤት ለቅቄዋለሁ ብላ ልካ አሁን ምን ፍለጋ መጣች ብለው ቢጠይቁኝ መልስ አጣሁ።"

ነገርኩት። ስለ ዓሣው፣ ስለ ስሙ፣ ሸጌ ስለጣለቻት ቃል። ምንይሉ እየተከተለ ለእናቱ በኽምጣንጋ ይነግራቸዋል። እማማ ወለተ ሐና ከዕፍረት የተነሳ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ከነጠላው ሥር ግን ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አባቴ አልሳቀም። ከፊቱ የተደረደረውን እሾህ ያያል።

"ሰቆጣ ይሄን ስበላ ቢያየኝ ምን ይለኝ ነበር?" አለ፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ።

"ይጣፍጣል ወይ ይልዎት ነበር ጌታዬ" አለ ምንይሉ።

አባቴ ቀና ብሎ አየው። ከንፈሩ ሳይፈልግ ፈገግ አለ።

"ይጣፍጣል" አለ።

ከዚያ እጁን ታጠበ። አጣጠቡ ረዘመብን። ሲናገር ወደ እኔ አላየም፣ በር በሌለው ደጃፍ በኩል ወደ ሐይቁ ነበር የሚያየው።

"እናትሽ የሞተች ቀን ድንኳኑ ጠበበ፣ ጠላው ጎደለ ስል ዋልኩ። ምን ይሉኛል እያልኩ። አልቅሼ አልሸኘኋትም። ማታ ሰው ሲበተን ላለቅስ ብል እንባው እምቢ አለኝ። ያ እዚህ ላይ እንደተወጠረ አለ" ብሎ ደረቱን በመዳፉ ነካ። "ዛሬ እኚህ ሴት እግሬን ሲያጥቡኝ፣ የማላውቃቸው፣ የበደልኳቸው ሴት፣ እንባዬ መጣ። ደከመኝ እታገኝ። ከእንግዲህ በቃኝ። ምን ይሉን ለቅቄዋለሁ።"

ቃሉ ከአፉ ሳያልቅ እማማ ወለተ ሐና ብድግ አሉ። የያዙት የውሃ ማንቆርቆሪያ ወደቀ።

"እርስዎም?" አሉ በአማርኛ። "እርስዎም ለቀቁት? ልጄ ምን በደለ?"

አባቴ ግራ ገባው። እኔን አየ፣ ምንይሉን አየ። ምንይሉ እናቱን ይዞ ሊያስረዳ ይሞክራል፣ ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ አንቆት ቃል አልወጣው አለ። ከዚያ አባቴ ገባው። ተነሥቶ የእማማ ወለተ ሐናን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። አባቴ ተነሥቶ የማንንም እጅ ሲይዝ አይቼ አላውቅም።

"የለም እመቤቴ" አላቸው፣ እንዲሰሙት ረጋ ብሎ። "የለቀቅሁት የሰውን አፍ ነው። ልጅዎንስ ይዣለሁ።"

ምንይሉ ይቺን ለእናቱ በኽምጣንጋ ነገራቸው። በዚህኛው ጊዜ አንዲትም ቃል አልጣለም። እማማ ወለተ ሐና እልል ሲሉ ከጎረቤት ሰው ተሰበሰበ፤ አባቴም ማን አየኝ ሳይል እዚያው መደቡ ላይ ተቀምጦ፣ ስንት ዘመን ያቆየውን የእናቴን ለቅሶ አለቀሰላት። ማንም ዝም በል አላለውም። እኔ እጁን ይዤ አብሬው አለቀስኩ።

ማክሰኞ ከነበእውቀቱ ጋር የሚሄደው መኪና ምንይሉን ሳይዝ ሄደ። በሳምንቱ አባ ወልደ ጻድቅ ሰቆጣ ሲወጡ አባቴ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ደጅ ላይ ጠበቃቸው። መንገደኛው ሁሉ እያየ ነበር። ምን እንዳሉም አልጠየቀም።

ያ ቅርጫት ዛሬ ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሸጌ በመጣች ቁጥር "እንቁላል እንኳ አኑሩበት እንጂ፣ ባዶውን ምን ያደርጋል" ትላለች። እኔ ባዶነቱን አይቼ ተመስገን እላለሁ፣ ለእሷም ደህና አድርጌ ምሳ አቀርብላታለሁ።